በሮማ ሪፐብሊክ የብር ሳንቲም ላይ ያለው የማን ፊት ነው?

ጥያቄው፦ «ጣልያን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ትንሽ የብር ሳንቲም ገዝቶ ፎቶውን ላከልኝ። በአንድ በኩል የራስ ቁር ያደረገች ሴት አለች፤ ከኋላዋ የኤክስ ምልክት ይታያል። በሌላው በኩል ሁለት ፈረሰኞች ይጋልባሉ፤ ከሥራቸው ‹ሮማ› የሚል ጽሑፍ አለ። ፈረሶቹ እግር አካባቢ ትንንሽ ፊደላት አሉ፤ ግን ማንበብ አልቻልንም። 3.8 ግራም ይመዝናል ብሎኛል። የንጉሥ ፊት ለምን የለበትም? ምስሎቹንስ ማን ነበር የሚመርጠው? በወንጌል የምናነበው ዲናር ይሄ ነው? እውነተኛስ ይሆን?»

ምላሽ፦

በገለጻዎ ብቻ ብዙ ማለት ይቻላል። ሳንቲሙ ዴናሪየስ ይባላል፤ እኛ ዲናር የምንለው። እውነተኛ ከሆነ (ወደዚያ እመጣለሁ) የተመታው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ200 እስከ 141 ባለው ጊዜ ውስጥ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ይህን የሚናገሩት ክብደቱና ኤክሱ ናቸው። ዲናር መጀመሪያ ሲወጣ 4.5 ግራም ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ 200 አካባቢ ላይ፣ ወደ 3.9 ግራም ወረደ። የእናንተው ከዚህኛው ወገን ነው። ኤክስ ደግሞ በሮማውያን ቁጥር 10 ነው። አንዱ ዲናር 10 አስ ያወጣ ነበር፤ አስ የነሐስ ሳንቲማቸው ነው። በ141 አካባቢ ምንዛሪው ተቀየረና ዲናሩ 16 አስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቹ ላይ 16 ቁጥሩ ራሱ ይጻፋል። ቆይቶም ኤክሱ መሐሉ ላይ አግዳሚ መስመር ይጨመርበታል፤ ኮከብ መስሎ ይታያል። የእናንተ ንጹሕ ኤክስ ከሆነ ከለውጡ በፊት የነበረ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከልደት በፊት ናቸው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጊዜው ወደ እኛ ይቀርባል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። እኛ ሳንቲም ስንወረውር «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንላለን። የሮማ ልጆች ደግሞ «ራስ ወይስ መርከብ?» ይሉ ነበር። ከነሐስ ሳንቲማቸው የመጣ አባባል ነው፤ በአንድ በኩል የአምላክ ራስ፣ በሌላው በኩል የመርከብ አፍንጫ ነበረበት። ዘውድ ግን የለም። ሮማውያን በራሳቸው ታሪክ መሠረት የመጨረሻውን ንጉሣቸውን በ509 አባርረዋል። ከዚያ በኋላ አንድን ፖለቲከኛ «ንጉሥ ሊሆን ይፈልጋል» ማለት ከባድ ክስ ሆነ። ሰው የሞተበት ክስ ነው። ስለዚህ በሕይወት ያለ ሰው ፊት በሮማ ከተማ ሳንቲም ላይ አይወጣም ነበር። ይህ የተጻፈ ሕግ መሆኑን የሚያሳይ ነገር የለንም። ነውር ነበር ብንል ይሻላል። ነውሩ የፈረሰው በአንድ ቀን አይደለም። ደረጃ በደረጃ ነው፤ ደረጃዎቹ ደግሞ በሳንቲሞቹ ላይ በግልጽ ይታያሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝም ይሄው ነው።

መጀመሪያ የእናንተን ሳንቲም እንጨርስ። ሴትዮዋን አብዛኞቹ ተመራማሪዎች «ሮማ» ይሏታል፤ ከተማዋ በአምላክ መልክ ተስላ ማለት ነው። የራስ ቁሯ ጎን ላይ ክንፍ አለው። ጥሩ ሆኖ በተረፈ ሳንቲም ላይ ከቁሩ አናት የግሪፈን ራስ ይታያል፤ የንስር ራስና የአንበሳ አካል ያለው የተረት አውሬ ነው። ፈረሰኞቹ ካስተርና ፖሉክስ የሚባሉት መንትያ አማልክት ናቸው። የያዙት ጦር ነው። ከባርኔጣቸው በላይ አንዳንድ ኮከብ ይኖራል።

ለምን እነሱ? በሮማውያን ትውፊት በ496 ገደማ ሬጊሉስ በሚባል ሐይቅ አጠገብ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲዋጉ ሁለት የማይታወቁ ወጣት ፈረሰኞች ከፊት ሆነው ተዋጉላቸው። ያን ዕለት ማታ እነዚያው ወጣቶች ሮማ መሐል አደባባይ ላይ ላብ ያጠመቃቸውን ፈረሶች ሲያጠጡ ታዩ፤ ድሉን አብሥረው ተሰወሩ። አድዋ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሲዋጋ ታየ እየተባለ ሲተረክ ላደገ ሰው ይሄ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። የመንትዮቹ ቤተ መቅደስ ዛሬም በሮማ ፎረም ውስጥ ሦስት ዓምድ ቆሞለታል፤ በኋላ ዘመን እንደገና ከተሠራው የተረፈ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ ጳውሎስን ወደ ሮማ የወሰደው የእስክንድርያ መርከብ ላይ ያለው ምልክትም የእነዚሁ መንትዮች ነው።

ይህ ዓይነት ዲናር የተጀመረው በጭንቅ ሰዓት ነው። የሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ የጦር መሪ ሃኒባል ጣልያን ውስጥ ነው። ሮማ ጦር በጦር ላይ አልቆባታል፤ የቀድሞው የብር ሳንቲሟም ብሩ እየሳሳ ሄዷል። በ211 ገደማ መንግሥት ሁሉንም አፍርሶ በአዲስ መልክ ጀመረ፤ ብሩም ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሆነ። ጥሩ የብር ክምችት የተገኘው ከጦርነቱ ራሱ ነው። ሀብታሟ የሲሲሊ ከተማ ሲራኩዛ በ212 ተያዘች። በ209 ደግሞ በዛሬዋ ስፔን ያለችው አዲሷ ካርቴጅ ወደቀች። እዚያ ያለው የብር ማዕድን እንደ ግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ ዘገባ 40,000 ሠራተኛ ነበረበት፤ ለሮማ ሕዝብ በቀን 25,000 ድራክማ (የግሪክ የብር ሳንቲም) ያስገባ ነበር። ሠራተኛ ሲባል በአብዛኛው ባሪያ ማለት ነው። ውቡን ሳንቲም ስናይ ይህን መርሳት የለብንም።

ዲናር መቼ እንደተጀመረ ድሮ ትልቅ ክርክር ነበር። አንዱ 269 ሲል ሌላው 187 ይላል። ክርክሩን የቋጨው ቁፋሮ ነው። ሲሲሊ ውስጥ ሞርጋንቲና የምትባል ከተማ በ211 ተዘርፋ ፈርሳለች። ከፍርስራሹ ሥር የዲናሩ ቤተሰብ የሆኑ አዲስ ሳንቲሞች ተገኙ። በፈረሰ ቤት ሥር የተቀበረ ነገር ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ሊሠራ አይችልም። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

ፈረሶቹ እግር ሥር ያሉት የማይነበቡ ፊደላት የባለሥልጣን ስም ናቸው፤ በምህጻረ ቃል። የሮማን ሳንቲም የሚያስመቱት ሦስት የሳንቲም ሹሞች ነበሩ። በየዓመቱ ይቀየራሉ። ወጣቶች ናቸው፤ ከትልልቅ ቤት የተወለዱ፣ ፖለቲካን ገና የሚጀምሩ። መጀመሪያ ላይ አንድ ምልክት ወይም ሁለት ሦስት ፊደል አኑረው ያልፋሉ። ምስሉን አይነኩም። ለሰባ ዓመት ያህል የሮማ ዲናር ያው የሴትዮዋ ራስና ያው ፈረሰኞች ነው፤ አልፎ አልፎ በሠረገላ የምትጋልብ የጨረቃ ወይም የድል አምላክ ትመጣለች። መልእክቱ አንድ ነው፦ ሮማ። ሌላ ሰው የለም።

ከ137 ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በዚያ ዓመት ሴክስቱስ ፖምፔዩስ የተባለ ሹም ጀርባውን ቀየረው። ተኩላዋ ሮሙሉስንና ሬሙስን ስታጠባ፣ ከበላያቸው የበለስ ዛፍ፣ ዳር ላይ ደግሞ በትሩን ተደግፎ የሚያይ እረኛ። እረኛው ሕፃናቱን ያገኘው ፋውስቱሉስ ነው። ሳንቲሙ ላይ ፎስትሉስ የሚል ስም ተጽፏል፤ ሹሙ ዘሩን ከዚያ እረኛ ይቆጥራል ማለት ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የሮማ የልደት ታሪክ ነው። ግን ቁም ነገሩ ዳር ላይ የቆመው ሰውዬ ነው፦ «የኔ አያት እዚያ ነበር!»

ከዚያ ወዲያ በሩ ተከፈተ። እያንዳንዱ ወጣት ሹም ቤቱ ያለውን ክብር እየጎተተ አመጣ። ለምን በዚያን ጊዜ ሆነ? አንዱ ግምት ምርጫ ነው። በ139 የወጣ ሕግ የባለሥልጣን ምርጫ በምስጢር ድምፅ እንዲሆን አደረገ። ድሮ መራጩ ድምፁን ጮክ ብሎ ስለሚሰጥ ጌታው ይሰማዋል፤ አሁን አይሰማውም። ስለዚህ ስምን በሕዝብ ልብ ውስጥ ማስቀመጥ አስፈለገ። ይህ ግምት ነው፤ የሚጠራጠሩትም አሉ። ለእኔ ግን ከጊዜው ጋር ጥሩ ይገጥማል።

ምርጫው ራሱም ሳንቲም ላይ ወጥቷል። በ113 ገደማ ሊኪኒዩስ ኔርዋ ያስመታው ዲናር ሰዎች ሲመርጡ ያሳያል። አንዱ መራጮች በሚያልፉበት ጠባብ ድልድይ ላይ ሆኖ የድምፅ መስጫ ሰሌዳ ይቀበላል፤ ሌላው ሰሌዳውን ወደ ዕቃው ይጥላል። ከሁለት ሴንቲ ሜትር ባነሰ ብር ላይ! በ110 ገደማ ደግሞ ከፖርኪዩስ ቤት የሆነ ሹም የይግባኝ መብትን አሳተመ። አንድ የጦር ልብስ የለበሰ ባለሥልጣን እጁን ዘርግቷል፤ አጠገቡ በትር የያዘ ቀጪ አለ፤ ፊት ለፊት ቶጋ የለበሰ ዜጋ ቆሟል። ከሥር አንዲት ቃል፦ ፕሮቮኮ፣ «ይግባኝ እላለሁ»። የሮማ ዜጋ ያለ ፍርድ እንዳይገረፍ የሚከለክሉ ሕጎችን ያወጡት የዚህ ቤት ሰዎች ስለነበሩ ነው። ጳውሎስ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ «ወደ ቄሣር ይግባኝ» ያለው ከዚህ መብት በወረደ ሥርዓት ነው፤ ያን መንትዮች ያሉበትን መርከብ የተሳፈረውም በዚሁ የተነሣ ነው።

አንዳንዱ ቀልደኛ ነው። ቶሪዩስ ባልቡስ በ105 የሚንደረደር በሬ አስመታ፤ በሬ በላቲን «ታውሩስ» ስለሚባል ስሙን እንዲያስታውስ። ፖምፖኒዩስ ሙሳ የተባለው ዘጠኙን የኪነ ጥበብ አማልክት፣ ሙሳዎቹን፣ በተከታታይ አሳተመ። የሜቴሉስ ቤት ሰዎች ዝሆን ይወዳሉ። አያታቸው በሲሲሊ ፓኖርሙስ አጠገብ የካርቴጅን ዝሆኖች ስለማረከ በየአጋጣሚው ዝሆን ያስገባሉ፤ አንደኛው የአማልክቱን አለቃ ዩፒተርን ሁለት ዝሆን በሚጎትተው ሠረገላ ላይ አስቀምጦታል።

ከሁሉም እኔ የምወደው የማሚሊዩስ ሊሜታኑስን ነው፤ በ82 የተመታ። የግሪክ ተረት ጀግናው ኦዲሴዩስ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ሰው አላወቀውም፤ ለማኝ መስሎ ነበር። ቀድሞ ያወቀው ያረጀ ውሻው ነው። ሳንቲሙ ላይ ሰውየው በትር ይዞ እጁን ዘርግቷል፤ ውሻው ቀና ብሎ ያየዋል። የማሚሊዩስ ቤት ዘሩን ከኦዲሴዩስ ልጅ ስለሚቆጥር ነው ሥዕሉ የተመረጠው። ፖለቲካው ተረስቶ ውሻው ቀርቷል። የዚህ ሳንቲም ጠርዝ እንደ መጋዝ የተከረከረ ነው። ብዙ ሰው ክርክሩ ውስጡ ብር መሆኑን ለማሳየት ነው ይላል። ግን በመዳብ ላይ ብር ተለብጦ ጠርዙ የተከረከረም አለ። ምክንያቱ ያ ከሆነ አልሠራም ማለት ነው።

አንድ የማይዘለል የጠላት ሳንቲምም አለ። ከ91 እስከ 88 የጣልያን ሕዝቦች «አብረናችሁ እየተዋጋን ዜግነት ለምን ይከለከለናል?» ብለው በሮማ ላይ ተነሡ። የራሳቸውን መንግሥት አወጁ፤ የራሳቸውን ዲናርም መቱ። ክብደቱና መጠኑ የሮማው ነው፤ ደመወዝ የለመደ ወታደር ሌላ ነገር አይቀበልም። ምስሉ ግን ሌላ ነው። በአንደኛው ላይ በሬ ተኩላን ከሥሩ ጥሎ በቀንዱ ይወጋል። በሬው ጣልያን፣ ተኩላዋ ሮማ ነች። ጽሑፉም በላቲን ሳይሆን በራሳቸው በኦስክ ቋንቋና ፊደል ነው። ጦርነቱን ተሸነፉ፤ ዜግነቱን ግን አገኙ።

ወደ ደረጃዎቹ ልመለስ። መጀመሪያ ሮማ፣ ቀጥሎ አያት። ቀጥሎ የሚመጣው አባት ነው። በ56 ፋውስቱስ ሱላ የአባቱን ዝና አሳተመ። አባትየው በ105 የኑሚድያውን ንጉሥ ዩጉርታን ከአማቹ ከቦኩስ እጅ የተረከበ ሰው ነው። ሱላ በመሐል ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ቦኩስ ተንበርክኮ የወይራ ቅርንጫፍ ያቀርባል፤ ዩጉርታ እጁ የኋሊት ታስሮ ተንበርክኳል። አባትየው ይህንኑ ትዕይንት በማኅተም ቀለበቱ ላይ አስቀርጾ ይዞር ነበር ይባላል። ልጁ ከቀለበት ወደ አገር ገንዘብ አሸጋገረው።

ከአባት በኋላ «እኔ» ይመጣል። ከፋውስቱስ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ58፣ ኤሚሊዩስ ስካውሩስ የገዛ ራሱን ሥራ አሳትሟል። ግመል ቆማለች፤ አጠገቧ አንድ ሰው ተንበርክኮ ቅርንጫፍ ይዘረጋል፤ ከሥር «ንጉሥ አሬታስ» ይላል፤ የናባቴያውያን ንጉሥ፣ የፔትራ ጌታ። ሥዕሉን ያየ ሰው ስካውሩስ ዐረብን ድል ያደረገ ይመስለዋል። የሆነው ሌላ ነው። ስካውሩስ ወደ ፔትራ ዘመተ፤ አገሩ ከበደው፤ ስንቅ አለቀበት። ንጉሡ 300 መክሊት ብር ከፈለውና ተመለሰ። ብር ተቀብሎ የሄደ ሰው ሌላውን በብር ላይ አንበረከከው። የመንግሥት ማስታወቂያ ዛሬ አልተጀመረም። ግን ልብ ይበሉ፤ ስካውሩስ እንኳ የራሱን ፊት አላደረገም። ስሙንና ሥራውን ብቻ ነው።

ፊቱን ያደረገው ቄሣር ነው። በ44 መጀመሪያ ላይ፣ ከመገደሉ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ሮማ ውስጥ የተመቱ ዲናሮች በሕይወት ያለውን የዩልዩስ ቄሣርን ፊት ይዘው ወጡ። አንገቱ የተሸበሸበ፣ የቅጠል ጉንጉን የደፋ ሽማግሌ ነው። አላስዋቡትም። በአንዳንዶቹ ላይ «የዘላለም ዲክታተር» የሚል ጽሑፍ አለ። ጀርባው ላይ የፍቅር አምላክ ቬነስ ቆማለች፤ ቤቱ ዘሩን ከእሷ ስለሚቆጥር። እንግዲህ አያት፣ ማዕረግና የገዛ ፊት አንድ ሳንቲም ላይ ተገናኙ። ለብዙ የሮማ ባላባት ይህ ንጉሥነት ነበር፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። በመጋቢት 15 ገደሉት።

እዚህ ላይ የብሩቱስን ሁለት ሳንቲሞች ጎን ለጎን ማየት አለብዎት። የመጀመሪያው በ54 የተመታ ነው፤ ብሩቱስ ገና የሳንቲም ሹም እያለ። በአንድ በኩል የነፃነት አምላክ ራስ አለ። በሌላው በኩል አያት የሚለው፣ በ509 ንጉሡን ያባረረው ሉኪዩስ ብሩቱስ ከአጃቢዎቹ ጋር ይራመዳል። በዚያው ጊዜ ያስመታው ሌላ ዲናር ደግሞ የሁለት አያቶቹን ራስ ይዟል፦ ያው ሉኪዩስ ብሩቱስና አሃላ። አሃላ ንጉሥ ሊሆን ይፈልጋል የተባለን ሰው በእጁ የገደለ ነው። በወቅቱ ታላቁ የጦር መሪ ፖምፔ ዲክታተር ይሁን የሚል ወሬ በከተማው ነበርና መልእክቱ ግልጽ ነው። ቄሣር ከመገደሉ ዐሥር ዓመት በፊት ማለት ነው። ብሩቱስ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ መታየት እንደሚፈልግ ለሕዝብ ኪስ አከፋፍሏል።

ሁለተኛው በ43 መጨረሻ ወይም በ42 ነው፤ ከግድያው በኋላ፣ ከጦሩ ጋር ሲጓዝ ለወታደር ደመወዝ የተመታ። ጀርባው ላይ ሁለት ጩቤ፤ መሐላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚያደርገው ቆብ፤ ከሥር «ኤይድ ማር»፣ የመጋቢት 15 ቀን በምህጻረ ቃል። ጩቤዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እጀታቸው ይለያያል። ፊቱ ላይስ? የብሩቱስ የራሱ መልክ። ፊቱን ሳንቲም ላይ ያደረገውን ሰው የገደለ ሰው ፊቱን ሳንቲም ላይ አደረገ። ሰው ግብዝነት ሊለው ይችላል። እኔ ከዚያ ይልቅ ጊዜው እንደሄደ ነው የሚታየኝ። በ42 ወታደሩ የሚከተለው ሰው እንጂ ከተማ አልነበረም፤ ደመወዝ የሚከፍለውን ፊት ማወቅ ይፈልጋል። ብሩቱስ ቢጠላውም ባይጠላውም ሌላ አማራጭ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ፊልጵስዩስ ላይ ተሸንፎ ራሱን ገደለ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ፊቱን ያወጣል። የቄሣር የጦር አጋር የነበረው ማርክ አንቶኒ አንድ ዲናር ላይ በአንድ በኩል ራሱን፣ በሌላው የግብጿን ንግሥት ክሊዮፓትራን አደረገ፤ «የነገሥታት ንግሥት» ከሚል ማዕረግ ጋር። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ላወቅነው ለእኛ ጆሮ የተለመደ ነው፤ ንጉሥ ለሚጠላው ሮማዊ ግን መርዝ ነበር፤ ተቃዋሚው ኦክታቪያን በሚገባ ተጠቅሞበታል። አንቶኒ በኦክታቪያን ከተሸነፈበት ከአክቲየም ውጊያ በፊት፣ በ32 እና 31፣ ለወታደሮቹ ያስመታው ሌላው ዲናር ደግሞ መርከብና የክፍለ ጦር ዓርማዎች ያሉበት ነው። ብሩ ከተለመደው ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንም አቅልጦ አላተረፈበትም። በዚህ ምክንያት ከ200 ዓመት በላይ ሲዘዋወር ኖረ።

አሁን ስለ ወንጌሉ ዲናር። ስሙ አንድ ነው፣ የብሩ ዓይነትም አንድ ነው፣ ሳንቲሙ ግን ሌላ ነው። ማቴዎስ 22 ላይ «ይህ መልክ የማን ነው?» ሲባሉ «የቄሣር» ብለው መለሱ። የእናንተን ሳንቲም ቢያሳዩት ኖሮ ይህ መልስ አይመጣም ነበር፤ ቄሣር የለበትማ! ብዙ ሰው እንደሚገምተው ያ የጢባርዮስ ቄሣር ዲናር ነው፤ ከእናንተው ወደ 200 ዓመት ያህል ያንሳል። ማቴዎስ 20 ላይ ለወይን ቦታ ሠራተኞች በቀን አንድ ዲናር መከፈሉ ግን የሳንቲሙን አቅም ለመገመት ይረዳል።

ወደ እኛም ባሕር ደርሷል። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (ይሄኛው ከልደት በኋላ ነው) የተጻፈ የግሪክኛ የባሕር ንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ ስለሚገቡ ዕቃዎች ሲዘረዝር፣ እዚያ ለሚቀመጡ የውጭ ሰዎች መገበያያ የሚሆን ጥቂት ዲናር ይጠቅሳል። ከልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አክሱም የራሷን ሳንቲም ስትጀምር ደግሞ ስለ ንጉሥ ፊት ምንም ማፈር አልነበረም። ንጉሥ እንዱቢስ በወርቁ ሳንቲሙ ላይ ሁለቱንም ገጽ በራሱ ምስል ሞልቶታል።

እውነተኛ ነው ወይ ለሚለው፣ በፎቶ ማንም በእርግጠኝነት አይነግርዎትም። ነግሬሃለሁ የሚል ካለ ይጠርጥሩት። አንዳንድ ነገር ግን ቤት ሆኖ ማየት ይቻላል። እነዚህ ሳንቲሞች በእጅ የተመቱ ናቸው። አንዱ ማተሚያ ከሥር ይተከላል፣ የጋለው የብር ቁራጭ ይቀመጥበታል፣ ሌላው ማተሚያ ከላይ ይያዝና በመዶሻ ይመታል። ለማየት ከፈለጉ በ46 ካሪሲዩስ ያስመታው ዲናር መዶሻውን፣ ጉጠቱንና ማተሚያውን ራሳቸውን ያሳያል። ስለዚህ ምስሉ ከመሐል ቢሸሽ፣ ክቡ ቢጣመም፣ ጠርዙ ቢሰነጠቅ ጥሩ ምልክት ነው እንጂ መጥፎ አይደለም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ጠርዙን ዞሮ የሚሄድ ቀጭን መገጣጠሚያ መስመር ካለ፣ ገጹ ላይ የአረፋ ዓይነት ጥቃቅን ቀዳዳ ካለ፣ ፊደላቱ ሳሙና ላይ የተጻፉ ያህል ከደበዘዙ፣ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። 3.8 ግራሙ ደግ ነው፤ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም።

ሌላም ዓይነት አለ፤ ጥንታዊ ሐሰተኛ። ውስጡ መዳብ፣ ላዩ ብር። አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ያንሳል፤ ቅርፊቱ በተነሣበት ቦታ ቀይ ወይም አረንጓዴ ይታያል። ይሄ ነገር በዚያው ዘመን ያስቸግር ስለነበር ሳንቲም መርማሪዎች ዙሪያውን ትንንሽ ማኅተም እየመቱ ይፈትሹ ነበር። እንዲህ ያለ ቁስል በእናንተው ላይ ቢታይ አይደንግጡ፤ እንዲያውም ደስ ይበላችሁ። ሰብሳቢዎች ሐሰተኛውንም ይገዙታል፤ ዋጋው ግን ይወርዳል። የመንትዮቹ ዲናር በብዛት የተመታ ስለሆነ እውነተኛውም ቢሆን ሀብታም አያደርግም። የተለመደው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ዩሮ አያልፍም።

የአክስትዎ ልጅ አያጽዳው። በጥርስ ሳሙና፣ በሎሚ፣ በምንም። ያ ጥቁረት ሁለት ሺህ ዓመት የፈጀ ነው፤ ከተነሣ አይመለስም። ፈረሶቹ ሥር ያሉትን ፊደላት ለማንበብ ማጽዳት አያስፈልግም፤ ክፍሉን አጨልሞ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይያዝና መብራት ከጎን ዝቅ አድርጎ ያብራበት። ያኔ የተነሣው ሁሉ ጥላ ይጥላል።

ከገበያው ላይ ወረቀት መቀበል አለመቀበሉን ግን አጥብቀው ይጠይቁት። በጣልያን ሕግ ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ነገር የመንግሥት ነው፤ ከአገር ለማውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል። «ስጦታ ነው፣ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብሎ ሻንጣ ውስጥ ቢያደርገው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ችግር ሊገጥመው ይችላል። ከላይ ያነሣሁት የብሩቱስ የጩቤ ሳንቲም በወርቅ የተመታም አለው፤ እጅግ ጥቂት ነው። አንዱ በ2020 በለንደን ጨረታ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ከየት እንደመጣ የሚያስረዳው ታሪክ ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ በ2023 ለግሪክ መንግሥት ተመለሰ። ለእናንተዋ ትንሽ ዲናር የሻጩ ደረሰኝ፣ ቀኑና ከማን እንደገዛት የሚገልጽ መስመር በቂ ጅማሬ ነው። ደረሰኙ ከሌለ አሁኑኑ ተመልሶ ሻጩን ይጠይቅ።